የታመቀ አየር፦ ከጎሚስታው ታንከር እስከ 200 ባር

እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ በሰቆጣም ጎሚስታው ከደጃፉ ላይ ኮምፕሬሰር ያቆማል። ሞተሩ ይዞራል፤ ፒስተኑ አየሩን እየገፋ ወደ ታንከሩ ያስገባል፤ የግፊት መለኪያው ቀስት 8 ባር ገደማ ሲደርስ ሞተሩ ይቆማል። የከባድ መኪና ጎማ ለመንፋት ይህ ይበቃል። ለአየር ጠመንጃ ግን አይበቃም። በባሩድ ፈንታ በታመቀ አየር የሚተኩሱት የዘመኑ የዒላማ ጠመንጃዎች እስከ 200 ባር፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ይሞላሉ። በውጭው ዓለም ያሉ የእጅ ሥራ ወዳዶች መሙያውን ራሳቸው ይሠሩታል። በእኛም አገር እጃቸው ሥራ የለመደ ወጣቶች «ከጎሚስታው ኮምፕሬሰር ተነሥቶ 200 ባር መድረስ አይቻልምን?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።

ጥያቄው መልካም የፊዚክስ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ሁለት ገጽ አለው። አየሩን ወደዚያ ግፊት ማድረስ ብዙዎች እንደሚያስቡት አስቸጋሪ አይደለም። አስቸጋሪውና ለሕይወት የሚያሰጋው፣ የታመቀውን አየር ይዞ የሚቆየው ዕቃ ነው።

200 ባር ምን ያህል ነው?

1 ባር በባሕር ወለል ላይ ካለው የከባቢ አየር ግፊት ጋር እጅግ ይቀራረባል። 10 ሜትር ከፍታ ያለው የውኃ ዐምድም ከሥሩ ላይ 1 ባር ያህል ግፊት ያሳርፋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው የተከዜ ግድብ ከፍታው 188 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ሐይቁ ሙሉ ሲሆን በግድቡ ሥር የሚገኘው የውኃ ግፊት ቢበዛ 18 ባር ገደማ ነው። 200 ባር ለማግኘት ከ2,000 ሜትር በላይ የሆነ የውኃ ዐምድ ያስፈልጋል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,260 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከሰቆጣ ከፍታ እስከ ባሕር ወለል ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቧንቧ በውኃ ቢሞላ፣ በታችኛው አፉ ላይ የምናገኘው ግፊት ከ200 ባር ጥቂት የሚበልጥ ይሆናል።

ግፊቱ እንዴት ይገኛል?

እ.ኤ.አ. ከ1780 ገደማ ጀምሮ የኦስትሪያ ጦር ጂራርዶኒ የተባለው ባለሙያ የፈለሰፈውን የአየር ጠመንጃ ታጥቆ ነበር። የአየር ማጠራቀሚያው ከብረት የተሠራው ሰደፉ ሲሆን፣ እርሱን በእጅ ፓምፕ ለመሙላት 1,500 ጊዜ ያህል መግፋት ያስፈልግ እንደነበር ይነገራል። ይህን ያህል ድካም ለምን አስፈለገ? ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 ያሳተመው ሕግ ይመልስልናል፦ መጠነ ሙቀቱ ካልተለወጠ፣ የአንድ የተወሰነ ጋዝ ግፊትና ይዘት ሲባዙ ውጤቱ አይለወጥም። ስለዚህ 10 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ለመሙላት፣ 1 ባር ግፊት ያለው 2,000 ሊትር አየር መታመቅ አለበት።

በሰቆጣ ግን አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱ 0.77 ባር ገደማ ነው። ስለሆነም ኮምፕሬሰሩ 2,600 ሊትር ያህል አየር መሳብ ይኖርበታል። ያንኑ ኮምፕሬሰር ይዘን በጽጽቃ በኩል ወደ ተከዜ ሸለቆ ብንወርድና 1,100 ሜትር ከፍታ ላይ ብንቆም፣ ግፊቱ ወደ 0.89 ባር ከፍ ስለሚል 2,250 ሊትር ይበቃናል። መሣሪያው ሳይለወጥ ሥራው በቆላው ይፈጥናል፤ በደጋው ይዘገያል።

በእጅ የሚሠሩት መሙያዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ቀላል ነው። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ፒስተን በአንድ ዘንግ ይያያዛሉ። ኃይል ማለት ግፊት በስፋት ሲባዛ ነው፤ የትልቁ ፒስተን ስፋት የትንሹን 30 እጥፍ ከሆነ፣ በትልቁ ላይ የሚያርፍ 7 ባር በትንሹ ላይ እስከ 210 ባር ሊደርስ ይችላል። ጉልበት ግን በነጻ አይገኝም፤ በእያንዳንዱ ምት የሚታመቀው አየር ጥቂት ስለሆነ መሙላቱ ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

ያልተጋበዙ እንግዶች፦ ሙቀትና ውኃ

አየር በፍጥነት ሲታመቅ ይግላል። በሰቆጣ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሆነ አየር ሙቀቱ ሳይወጣ በአንድ ጊዜ ወደ 200 ባር ቢታመቅ፣ በስሌት ከ1,100 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። የዲዝል ሞተር ያለ ካንዴላ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በዚህ መንገድ ነው። ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣ የዘይት ተንም በዚያው መንገድ ሊቀጣጠል ይችላል። መፍትሔው ሥራውን ለአራት ደረጃ ከፍሎ፣ በየደረጃው መካከል አየሩን ማቀዝቀዝ ነው፤ ያን ጊዜ የእያንዳንዱ ደረጃ ሙቀት ወደ 160 ዲግሪ ይወርዳል። በዚህ ላይ አንድ የማይጣስ ሕግ አለ፦ በአየር ፈንታ ኦክስጅን ፈጽሞ አይሞላም። ከፍተኛ ግፊት ያለው ኦክስጅን ዘይት ሲያገኝ ይነድዳል፤ ይፈነዳልም።

ሁለተኛው እንግዳ እርጥበት ነው። በክረምት ወር፣ በ20 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 70 በመቶ የሆነ 2,600 ሊትር አየር 31 ግራም ያህል ውኃ በተን መልክ ይይዛል። 10 ሊትሩ ሲሊንደር ግን በዚያው መጠነ ሙቀት በተን መልክ ሊይዝ የሚችለው 0.2 ግራም እንኳ አይሞላም። የቀረው ይጠራቀማል፤ ይህም የቡና ስኒ ግማሽ ያህል ውኃ ነው። ካልተወገደ ብረቱን ከውስጥ፣ ዓይን በማያየው ቦታ ያዝገዋል። በመሙያው መሥመር ላይ የውኃ ማጠንፈፊያና እንደ ሲሊካ ጄል ያለ እርጥበት መጣጭ የሚገባውም ስለዚህ ነው።

የሲሊንደሩ ግድግዳ

በሲሊንደር ግድግዳ ላይ የሚፈጠረው ውጥረት፣ ግፊቱ በዲያሜትሩ ተባዝቶ በግድግዳው ውፍረት እጥፍ ሲካፈል ይገኛል። ዲያሜትሩ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ የጎሚስታ ታንከር በ8 ባር ግፊት 53 ሜጋ ፓስካል ያህል ውጥረት ይደርስበታል። ተራ የግንባታ ብረት እስከ 250 ሜጋ ፓስካል ገደማ ሳይለጠጥ ስለሚቋቋም ይህን በቀላሉ ይችለዋል። አሁን ዲያሜትሩ 14 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲሊንደር ከተራ ብረት በየድን እንበል። በ200 ባር ውጥረቱ 280 ሜጋ ፓስካል ይሆናል፤ የብየዳውን ጉድለት ሳንቆጥር ገና ብረቱ ራሱ ይሸነፋል። የፋብሪካ ሲሊንደሮች ክሮምየምና ሞሊብዲነም ካለበት ብረት፣ ያለ ብየዳ፣ በሙቀት ታክመው የሚሠሩት በከንቱ አይደለም። ለጥቂት ባር የተሠራው የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደርም ሆነ ከቧንቧ ቁራጭ የተበየደ ዕቃ በእነርሱ ቦታ ሊገባ አይችልም።

ለምን በውኃ ይፈተናል?

«እስኪ በአየር ሞልተን እንሞክረው» የሚለው ሐሳብ ለብዙዎች ተገቢ ይመስላል። ስሌቱ ግን ሌላ ይነግረናል። 10 ሊትር የሚይዘው ሲሊንደር በሰቆጣ በ200 ባር አየር ተሞልቶ በድንገት ቢፈነዳ፣ አየሩ ሲለጠጥ 400 ኪሎ ጁል ያህል ጉልበት ይለቃል። ይህ ከነጭነቱ 8 ቶን የሚመዝን ኢሱዙ 5 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት የሚበቃ ነው። የጎሚስታው ታንከርም 100 ሊትር የሚይዝ ከሆነ በ8 ባር 110 ኪሎ ጁል ገደማ አምቆ ይይዛልና ሊናቅ አይገባውም።

ያው ሲሊንደር በውኃ ተሞልቶ ወደዚያው 200 ባር ቢደርስስ? ውኃ እምብዛም ስለማይታመቅ የሚያጠራቅመው ጉልበት 1 ኪሎ ጁል እንኳ አይሞላም። ያንኑ ኢሱዙ 1 ሴንቲ ሜትር ቢያነሣ ነው። ብረቱ የሚሸከመው ግፊት በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው፤ ቢሰነጠቅ ግን ውኃው ያፈስሳል፣ አየሩ ይገድላል። ለ200 ባር የተሠራ ሲሊንደር ብዙውን ጊዜ በውኃ 300 ባር ድረስ ተፈትኖ፣ የሥራ ግፊቱ፣ የመፈተኛ ግፊቱና የተፈተነበት ጊዜ ትከሻው ላይ የሚታተመውም በዚህ ምክንያት ነው። ፈተናው በየተወሰነ ዓመት ይደገማል፤ ብረት ያረጃል፣ ይዝጋል፣ በየመሙላቱም ይደክማልና።

ስለዚህ መሙያ ለመሥራት የምታስቡ ተማሪዎች እጃችሁን አትሰብስቡ። ባለ ሁለት ፒስተኑን ማጉያ መንደፍ፣ የየደረጃውን ሙቀት ማስላት፣ እርጥበቱን መመዘን ለማንኛውም ቤተ ሙከራ የሚገባ ሥራ ነው። ሲሊንደሩን፣ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቩንና ከፍተኛ ግፊት የሚሸከመውን ቱቦ ግን አትሥሩ፤ ማኅተም ያላቸውን ግዙ። ያገለገለ ሲሊንደር ቢቀርብላችሁ ከዋጋው በፊት ትከሻውን አንብቡ። ጽሑፉ ከጠፋ፣ ከተፋቀ ወይም የፈተናው ጊዜ ካለፈ አትሙሉት። ይህ ለአየር ጠመንጃ ብቻ የተጻፈ ደንብ አይደለም፤ በሆስፒታሉ የሕሙማን ክፍልና በብየዳ ቤቱ ጥግ የቆመው የኦክስጅን ሲሊንደርም የሚተዳደረው በዚሁ ስሌት ነው።