የት ቆመህ አነሣኸው?

ልጆችን ካርታ ማንበብ ሲያስተምሩ ምልክት ማስጠናቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ሰማያዊው መስመር ወንዝ፣ ቡናማው ኮንቱር መሆኑን ተማሪ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይሸመድደዋል። ጭንቁ ከሰማይ ቁልቁል የታየውን ሥዕል መሬት ላይ ቆሞ ከሚያየው አገር ጋር ማገጣጠሙ ነው። ዣን ፒያዤና ባርበል ኢንሄልደር በ1948 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት ጥናት፣ የሦስት ተራሮች ሞዴል ዙሪያ የተቀመጠ አሻንጉሊት ምን እንደሚታየው ከሥዕሎች መካከል እንዲመርጡ የተጠየቁ ትንንሽ ልጆች ለራሳቸው የሚታየውን መርጠዋል። አሜሪካውያኑ ሊን ሊበንና ሮጀር ዳውንስ ደግሞ፣ መስመሩ ሁለት መኪና ስለማያሳልፍ መንገድ ሊሆን አይችልም ብሎ የተከራከረ ሕፃን ገጥሟቸዋል። ካሜራ ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ልጁ የት ቆሞ፣ ወደየት ዞሮ፣ ምን እንዳነሣ ካርታው ላይ እንዲያሳይ ከተጠየቀ።

ይህን በሰፊው የሞከረችው ብሪታንያ ናት። በ1930ዎቹ ዳድሊ ስታምፕ የመሩት የመሬት አጠቃቀም ጥናት በርካታ ተማሪዎችን ካርታ አሲዞ የየማሳውን አገልግሎት አስመዝግቧል፤ ያኔ ካሜራ አልነበረበትም። በ1986 ቢቢሲ፣ የእንግሊዝ ጥንታዊ የመሬት መዝገብ የሆነው ዱምስዴይ 900ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ አገሩን 4 በ3 ኪሎ ሜትር ሸንሽኖ ለትምህርት ቤቶች አከፋፈለ፤ ልጆቹም አካባቢያቸውን ፎቶ እያነሡ መግለጫ ጻፉ። ሥራቸው የሰፈረበት ሌዘር ዲስክ ማጫወቻው ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ጠፋ፤ ያሳዝናል። በ2005 የተጀመረው ጂኦግራፍ የተባለ ድረ ገጽ ደግሞ ለእያንዳንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር ፎቶ ይሰበስባል። አካባቢውን የማያሳይ የአበባ ቅርብ ፎቶ የካሬው ወካይ ተደርጎ አይቆጠርም። ይህች ደንብ ለመምህር ከብዙ መመሪያ ትበልጣለች፤ ልጁን ከሚያምረው ነገር አውጥታ ቦታውን ወደሚናገረው ነገር ታዞረዋለችና።

ሸለቆ ማዶ ያለ ቤተ ክርስቲያን ያነሣች ተማሪ እንውሰድ። እሷ የቆመችው በአንድ ካሬ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በሌላ ካሬ ነው። ሁለቱን በመስመር ስታገናኝ መስመሩ ወንዝ ያቋርጣል፤ ወንዙ ግን ፎቶው ላይ የለም። የት ሄደ? ኮንቱሮቹን ስታይ በመካከል ያለው ጉብታ እንደጋረደው ትደርስበታለች። የቀበሌ ወሰንም ካርታው ላይ እንጂ መሬት ላይ አይታይም። በተቃራኒው የደረሰው ሰብል፣ አዲሱ አጥርና የጎርፍ ቦዩ ፎቶው ላይ አሉ፣ ካርታው ግን አያውቃቸውም። ካርታ ምን መርጦ ምን እንደሚተው ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው።

ስልኩ ራሱ ቦታውን ይመዘግብ የለ? ይመዘግባል፤ የሚመዘግበው ግን ልጁ የቆመበትን ነው፣ ማዶ ያለውን አይደለም። ይልቅስ ጂፒኤሱን ማረሚያ ማድረግ ይሻላል፤ ልጁ አስቀድሞ ይገምት፣ ከዚያ ስንት ሜትር እንደሳተ ያስላ። ካሜራ ከማየት ያዘናጋል የሚለው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። ሊንዳ ሄንክል በ2014 ባሳተሙት ጥናት ሙዚየም ውስጥ ፎቶ ያነሡ ሰዎች ዕቃዎቹን እንዲሁ ካዩት ያነሰ አስታውሰዋል። ሆኖም የዕቃውን አንድ ክፍል አቅርበው ያነሡት ሰዎች ትዝታ አልተጎዳም። ተሳታፊዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በመሆናቸው ውጤቱን ለልጆች ማዛወር ጥንቃቄ ይሻል፤ ቢያንስ ግን ትኩረት የሚጠይቅ ፎቶ ከዘፈቀደው እንደሚለይ ይጠቁማል።

በእኛም አገር ምሳሌ አለ። በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የናፒየር ጦር ጋር የመጡ ፎቶ አንሺዎች የሰሜኑን መልክዓ ምድር አንሥተው ነበር። ቤልጂጋዊው ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው ቦታዎቹን ፈልገው ዳግም አነሡ፤ በ2009 ባወጡት ጥናትም የትግራይ የእፅዋት ሽፋን ከቀድሞው ተሻሽሎ መገኘቱን አሳዩ። ሥራው ባጭሩ የድሮው ካሜራ የቆመበትን ነጥብ መፈለግ ነው። ከበስተጀርባው ተራራ የሚታይበት የአያቶች ፎቶ ያለው ተማሪም ይህን መሞከር ይችላል። ለቡድን አንድ ስልክ ይበቃል፤ አንዱ ሲያነሣ ሌሎቹ አቅጣጫና ቦታ ካርታው ላይ ያሰፍራሉ፣ ቀጥሎም ይቀያየራሉ።