ሁለቴ የተማረኩት አብራሪ የት ደረሱ?

ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ተዋጊ ጄት አብራሪ ነበሩ። በደርግ ጊዜ በሻዕቢያ ተማርከው፣ ዓመታት ታስረው ተፈቱ። በ1990 የኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት ሲነሳ ግን ተመልሰው በረሩ። ግንቦት ላይ ጄታቸው አስመራ ላይ ተመቶ ድጋሚ ተያዙ። ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው ጠፋ።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1949ኙ (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነት፣ ውጊያ እንዳበቃ ምርኮኛ ሳይዘገይ ይለቀቅ፤ የሞተ ካለም ይነገር ይላል።

ታህሳስ 1993 አልጀርስ ላይ ሰላም ተፈረመ። ምርኮኞች በቀይ መስቀል በኩል አገራቸው ገቡ፤ ኮሎኔሉ ግን አልመጡም። በ2010 ሁለቱ መንግሥታት ሲታረቁም አልተመለሱም።

ሞተ የተባለ ሰው ቤተሰብ አልቅሶ እርሙን ያወጣል። የታሰረ ሰው ቤተሰብ ስንቅ ይቋጥራል። ደብዛው የጠፋ ሰው ቤተሰብስ ምን ያድርግ?