ቫይረስ የሕዋሳችንን በር የሚከፍተው እንዴት ነው? ከአር ኤስ ቪ ክትባት ጀርባ ያለው ታሪክ

ብርዱ ሲገባ ብዙዎቻችሁ አር ኤስ ቪ ስለሚባለው የመተንፈሻ አካላት ቫይረስ ትጠይቁናላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቫይረሱ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ጨቅላ ሕፃናትንና አረጋውያንን ነው። ልጃቸውን ሊያርሱ ከአገር ቤት የመጡ እናት ባሉበት ቤት ደግሞ ሁለቱም በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ቫይረስ ብቻውን ሊባዛ አይችልም፤ የግድ ሕዋስ ውስጥ መግባት አለበት። አር ኤስ ቪ በቀጭን የስብ ሽፋን የተጠቀለለ ነው። የእኛም ሕዋስ በተመሳሳይ ሽፋን የታጠረ ነው። ሁለቱ ሽፋኖች ስለተነካኩ ብቻ አይዋሃዱም፤ የሚያስገድዳቸው ኃይል ያስፈልጋል። ይህን የሚሠሩት በቫይረሱ ሽፋን ላይ የተሰኩ ፕሮቲኖች ናቸው። ጂ የሚባለው ፕሮቲን ቫይረሱን ከሕዋሱ ጋር ያጣብቀዋል፤ ኤፍ የሚባለው ደግሞ ሽፋኖቹን ያዋህዳል።

ኤፍን እንደ ተጠመደ የአይጥ ወጥመድ አስቡት። ሞላው ተወጥሮ ይጠብቃል። ሲፈናጠር ጫፉን የሕዋሱ ሽፋን ላይ ይሰካል፤ ቀጥሎም እንደ ሴንጢ ይታጠፋል። አንዱ ጫፉ ቫይረሱን፣ ሌላው ሕዋሱን ስለያዘ ሲታጠፍ ሁለቱን ጎትቶ ያገናኛቸዋል። ሽፋኖቹ አንድ ይሆናሉ፣ ቀዳዳ ይከፈታል፣ የቫይረሱ የዘር መመሪያም ወደ ውስጥ ይገባል። አንዴ የተፈናጠረ ኤፍ ተመልሶ አይጠመድም።

ይህ ቅርጽ መቀየር የሰው ሕይወት ያስከፈለ ጉዳይ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ በፎርማሊን የተገደለ ቫይረስ ለሕፃናት በክትባትነት ተሞከረ። ክትባቱ ግን አልተከላከለም፤ እንዲያውም ተከትበው በኋላ ቫይረሱ የያዛቸው ሕፃናት በሽታው ባሰባቸው። 2 ሕፃናት ሞቱ። ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደታወቀው፣ ከምክንያቶቹ አንዱ በክትባቱ ውስጥ የነበረው ኤፍ አስቀድሞ የተፈናጠረ መሆኑ ነው። ሰውነት የተማረው ሥራውን የጨረሰ ወጥመድ መለየትን ነበር። ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

መፍትሔው በ2013 ተገኘ። ጄሰን ማክሌላን፣ ባርኒ ግራም እና ባልደረቦቻቸው ኤፍ ከመፈናጠሩ በፊት ያለውን ቅርጽ ለይተው አሳዩ፤ ጥቂት የፕሮቲኑን ክፍሎች ለውጠውም በዚያው ቅርጹ ቆለፉት። ለካስ ቫይረሱን አጥብቀው የሚያግዱት ፀረ እንግዳ አካላት በአብዛኛው የሚይዙት ያልተፈናጠረውን ቅርጽ ኖሯል።

«የኮሮና ክትባት እንዴት በአንድ ዓመት ደረሰ?» ለምትሉም መልሱ በከፊል እዚህ አለ። በፋይዘርና በሞደርና ክትባቶች ውስጥ የኮሮና ቫይረስ እሾህ የተቆለፈው በዚሁ ብልሃት፣ 2 የፕሮቲኑን ክፍሎች በመቀየር ነው። እውቀቱ ከወረርሽኙ በፊት ተዘጋጅቶ ነበር።

የአር ኤስ ቪ ክትባቶች በአሜሪካ የተፈቀዱት በ2023 ነው። በዚያው አገር 75 ዓመት የሞላቸው ሁሉ፣ ከ50 እስከ 74 ዓመት ካሉት ደግሞ እንደ ልብና ሳንባ ያለ ሕመም ያለባቸው እንዲከተቡ ይመከራል። ነፍሰ ጡሮች በወቅቱ ከ32ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት ቢከተቡ ፀረ እንግዳ አካሉ ወደ ፅንሱ ይተላለፋል። እናቱ ላልተከተበች ሕፃን ደግሞ ኒርሴቪማብ የተባለ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል በመርፌ ይሰጣል። የሌሎች አገሮች መመሪያ ስለሚለያይ የምትኖሩበትን አገር ሐኪም ጠይቁ።

እጅን በሳሙና መታጠብንም አትናቁ፤ ሳሙና ያንን የስብ ሽፋን ያፈርሰዋል፣ ሽፋኑ ከፈረሰ ወጥመዱም የሚቆምበት የለውም። እናታችሁ ከአገር ቤት ሊመጡ ከሆነ፣ ወይም ቤታችሁ አራስ ካለች፣ ብርዱ ሳይገባ ሐኪማችሁን አነጋግሩ። ቸር ይግጠመን።