የገበሬው ባዶ ዕቃ የማን ዕዳ ነው?

የዛሬው ንግግራችን ከመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ የራቀ ይመስላችሁ ይሆናል። ነገር ግን ከገበያ የምትገዙት ቲማቲምና ሽንኩርት አብዛኛውን ጊዜ ፀረ ተባይ መድኃኒት የተረጨ ነው፤ መድኃኒቱም በፕላስቲክ ዕቃ ታሽጎ ይሸጣል። መድኃኒቱ ባለቀ ጊዜ ባዶው ዕቃ ወዴት ይሄዳል?

ገበሬው ቢያቃጥለው ጢሱ መርዝ ነው። በማሳው ዳር ቢጥለው ጐርፍ ወደ ወንዝ ይወስደዋል። አጥቦ ውኃ ቢይዝበት ደግሞ፥ ይህም በአገራችን ገጠር የታወቀ ልማድ ነው፥ በዕቃው ውስጥ የቀረው መርዝ ለልጆቹ ይጠጣል። ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን ዕቃውን የሚቀበለው ከሌለ ምን ያድርግ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የአምራች ኀላፊነት የሚባለው ሕግ ነው። ይኸውም ዕቃውን ለገበያ አቅርቦ ያተረፈ ሰው፥ ዕቃው አገልግሎቱን በፈጸመ ጊዜ የመሰብሰቢያውን ወጪ ይቻል ማለት ነው።

ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ቁጥር 9974 ሥራውን ለየባለቤቱ አከፋፈለች። ገበሬው ዕቃውን ሦስት ጊዜ አለቅልቆ፥ ዳግመኛ እንዳያገለግል በስቶ፥ በገዛ በአንድ ዓመት ውስጥ ይመልሳል። ሻጩ የመመለሻውን ቦታ በደረሰኙ ላይ ይጽፋል። አምራቹ ከመሰብሰቢያው ጣቢያ ያጓጉዛል፤ መንግሥትም ይቆጣጠራል። አምራቾቹ ለዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. ኢንፔቭ የተባለውን ድርጅት በጋራ አቋቋሙ። ዛሬ መድኃኒቱ በቀጥታ ከሚታሸግበት የፕላስቲክ ዕቃ ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው ይመለሳል። ከሚቀልጠውም የኤሌክትሪክ ገመድ ማሳለፊያ ቧንቧና አዲስ የመድኃኒት ዕቃ ይሠራል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የእርሻ ፕላስቲክ በየማሳው የተበተነ፥ አፈርና መርዝ የነካው ስለ ሆነ፥ ማጓጓዣው ከዋጋው ይበልጣል፤ ስለዚህ ነጋዴ በፈቃዱ አያነሣውም። ሕጉ ግን ዕቃው ታጥቦና ተከማችቶ እንዲቀርብ ያደርጋል፤ ጉድለቱንም ከአምራቹ ይሞላል። ከፋዩ አምራች ከሆነ ደግሞ ገና ሲሠራው ለማቅለጥ የሚመች ዕቃ መምረጥ ይጠቅመዋል።

እርግጥ ነው፤ ወጪው በመድኃኒቱ ዋጋ ላይ ጥቂት ሊጨምር ይችላል። ነገር ግን የተበከለ ወንዝና የታመመ ቤተ ሰብም ዋጋ አላቸው፤ ያንን ዋጋ እስካሁን የሚከፍለው ያላተረፈው ሰው ነው።

በአገራችን መድኃኒቱ በብዛት ከውጭ ስለሚመጣ፥ በአምራቹ ቦታ የሚቆመው አስመጪው ይሆናል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 674 ፀረ ተባይ እንዲመዘገብ ያዛል። እንግዲህ መዝገቡ በእናንተ እጅ ነው። ስንት ዕቃ እንደ ገባ ከሚጻፍበት መስመር ጐን፥ ስንት እንደ ተመለሰ የሚጻፍበት መስመር ቢጨመር፥ የከፈለው ካልከፈለው ይለያል። ይህ ካልሆነ ታማኙ አስመጪ ብቻውን ይከፍላል፤ ሕጉም በወረቀት ይቀራል። ባዶውን ዕቃ ከገበሬው ቤት ለማውጣት የሚበቃው ምክር ብቻ አይደለም፤ በትክክል የተያዘ መዝገብም ያስፈልጋል።