በናይሮቢ ልጅን ለብቻ እያሳደጉ ቤትን ስለ ማደስና በዓልን ስለ ማክበር

የናይሮቢ ሕዝብ ለጃኑዋሪ ወር ያወጣለት የቀልድ ስም አለ። «ንጃ» በስዋሂሊ ቋንቋ ረኃብ ማለት ስለ ሆነ፣ ወሩን «ንጃኑዋሪ» እያሉ ይጠሩታል። ነገሩ ቀልድ ይሁን እንጂ ምክንያቱ እውነት ነው። የዲሴምበር ደመወዝ በፈረንጆች ገና ለድግስና ወደ ወላጆች አገር ለመጓዝ ያልቃል፤ ወዲያውም የኬንያ የትምህርት ዘመን በጃኑዋሪ መጀመሪያ ስለሚከፈት፣ የልጁ የደንብ ልብስ፣ ጫማው፣ ደብተሩና ሌላውም ክፍያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። በመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ክፍያ በ2003 ዓመት ተሰርዟል (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ የልብሱና የጫማው ወጪ ግን ዛሬም የወላጅ ነው።

እንግዲህ የእኛ የልደት በዓል፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ የሚውለው በዚሁ ወር በ7ኛው ቀን ነው። ኢስሊ እየተባለ በሚጠራው በኢስትሌይ ሠፈር፣ በኪሊማኒና በሌላውም የከተማው ክፍል የሚኖሩ ወገኖቻችን ጎረቤታቸው ሁሉ ኪሱ ባዶ በሆነበት ሳምንት ዶሮ ሊገዙ ይወጣሉ። ባልና ሚስት አብረው ለሚኖሩበት ቤት ይህ ቀላል ችግር ነው። ልጆቿን ብቻዋን ለምታሳድግ እናት ግን ወይ ዶሮው ወይ ጫማው ይቀራል። አስተዳዳሪዋ ሴት የሆነች ቤት በኬንያ ከሦስቱ አንድ ያህል ስለ ሆነ፣ ችግሩ የጥቂቶች ነው የሚባል አይደለም። ሚስቱ የሞተችበት ወይም የተለየችው አባትም በዚሁ ቀንበር ሥር ነው፤ ከዚህ በታች ስለ እናት የምንናገረው ሁሉ ለእርሱም እንደሚሆን አንባቢያችን ይወቅልን።

በሰው አገር የሚኖር ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ይሉኝታን ነው። እንግዳ ሳይጠራ፣ ዶሮ ሳይታረድ፣ ልጁም አዲስ ልብስ ሳይለብስ ዋለ እንዳይባል ይበደራል። ብድሩም በዛሬው ጊዜ ከአራጣ አበዳሪ ደጅ መቆምን አይጠይቅም፤ በኬንያ በ2007 የተጀመረው ኤም ፔሳ ገንዘብን በስልክ መላክን አስለምዷል፤ በ2012 ደግሞ ኤም ሽዋሪ የተባለው የቁጠባና የብድር አገልግሎት ተጨመረበት። አገልግሎቱ ሲጀመር ለአንድ ወር ብድር የሚጠየቀው ክፍያ ከመቶ 7.5 ነበረ። በዚህ ስሌት ለበዓል 4,000 ሽልንግ የተበደረች እናት 4,300 ትመልሳለች ማለት ነው። ገንዘቡ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል፤ የመመለሻው ቀን የሚደርሰው ግን የትምህርት ቤቱ ወጪ ገና ባላለቀበት ጊዜ ነው።

በእኛ አስተያየት መፍትሔው በዓልን መተው አይደለም። በዓል የሌለበት ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ የወላጆቹን አገር የሚያውቀው በወሬ ብቻ ይሆናል። ይልቁንም የቤቱን ማደሻና የበዓሉን ወጪ አንድ ሒሳብ አድርጎ መያዝ ይሻላል። አባቶቻችንና እናቶቻችንም እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ ዓመት በዓል ሲቃረብ ቤት ይጠረጋል፣ ግድግዳ ይለቀለቃል፣ ዕቃው ወጥቶ ይታጠባል፣ ወለሉም ላይ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። በዓሉ ቤቱን የማደሻ ቀጠሮ ነበረ። ስለዚህ ለበዓል ከሚወጣው ገንዘብ ግማሹ ያህል በዓሉ ካለፈ በኋላ ቤት ውስጥ በሚቀር ዕቃ ላይ ቢውል፣ ልጆቹ አዲስ ነገር ያያሉ፣ እናትም የምትቆጭበት ነገር አይኖርም።

ገንዘቡ ከወዴት ይምጣ ለሚለው ጥያቄ፣ ከዕንቁጣጣሽ እስከ ልደት ያለው ጊዜ 118 ቀን ያህል ነው። በቀን 30 ሽልንግ የምታኖር እናት በልደት ዋዜማ 3,540 ሽልንግ በእጅዋ ይኖራታል። ኅዳር 15 ቀን የሚገባው የነቢያት ጾምም ለሚጾም አዋቂ የሥጋና የቅቤ ወጪ የሚቀንስበት ወራት ነው፤ ይሁን እንጂ ከሕፃናቱ ወተት ላይ መቆጠብ አይገባም። በዚህም ላይ ኬንያውያን «ቻማ» የሚሉት ማኅበር አለ፤ ከእኛ ዕቁብ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ዐሥር ሴቶች በየወሩ 500 ሽልንግ ቢያዋጡ ባለ ተራዋ 5,000 ታነሣለች። የዲሴምበርን ተራ ሁሉም ስለሚመኘው፣ ብልኅ የሆነች ሴት የኖቬምበርን ተራ ብትለምን በቀላሉ ታገኛለች፤ ዋጋ ሳይወደድም ትገዛለች።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አባት በሕይወት ካለ መጠየቅ ይገባዋል። በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በ53ኛው አንቀጽ፣ አባትና እናት ተጋቡም አልተጋቡም ልጅን የማሳደግ ኀላፊነታቸው እኩል መሆኑን ይደነግጋል። ድንጋጌው «እያንዳንዱ ልጅ» ስለሚል የዜግነት ልዩነት አያደርግም። ብዙ እናቶች ይህን መጠየቅ ልመና ይመስላቸዋል፤ የልጁን መብት ማስከበር ግን ልመና አይደለም።

ወደ ቤቱ እንመለስ። በናይሮቢ አነስተኛ ኑሮ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚከራየው 10 ጫማ በ10 ጫማ የሆነ አንድ ክፍል ነው፤ በሜትር ሦስት በሦስት ያህል መሆኑ ነው። ማብሰያው፣ መኝታው፣ የልጆቹ ማጥኛና የእንግዳ መቀበያው ይኸው አንዱ ክፍል ነው። እንዲህ ያለውን ክፍል ለማሳመር ከመነሣት በፊት ከአከራዩ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ብዙ አከራዮች ተከራይ ሲወጣ ግድግዳውን መልሰው ለመቀባት የሚያወጡትን ወጪ ከመያዣው ገንዘብ ላይ ይቀንሳሉ። ስለዚህ ነጭ ወይም ነጣ ያለ ቀለም እንደሚቀባ፣ ቢቻልም የቀለሙ ዋጋ ከኪራዩ ላይ እንደሚታሰብ፣ በአጭር ወረቀት ተስማምቶ መፈራረም ነው። በአፍ የተባለ ነገር በመውጫ ቀን ይረሳል።

ናይሮቢ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘንብባታል፤ ትልቁ ዝናም ከማርች እስከ ሜይ፣ ትንሹ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ነው። በዚህ ጊዜ አየር የማይገባበት ክፍል ግድግዳው ይሻግታል። ሻጋታን በቀለም መሸፈን ገንዘብን መጣል ነው፤ በወሩ ተመልሶ ይወጣል። አስቀድሞ እርጥበቱ ከወዴት እንደ መጣ መመርመር ይገባል። ከጣራ ወይም ከቧንቧ ከሆነ ጥገናው የአከራዩ ሥራ ነው። ቀጥሎ ግድግዳውን በሳሙናና በብሩሽ መፈግፈግ፣ መስኮት ከፍቶ ጥቂት ቀን ማድረቅ፣ ከዚያም በኖራ ሁለት ጊዜ ሳሳ አድርጎ መቀባት ነው። ኖራ ርካሽ ከመሆኑም በላይ ሻጋታ የማይወደው ነገር ነው። በዘይት ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ ግን አይዝም፤ ዓይንንም ስለሚያቃጥል ሕፃናት በዚያ ሰዓት ከጎረቤት ቤት ይዋሉ። ሥራው ዝናሙ በሚቀንስበት በዲሴምበር መጨረሻ ቢሆን ይሻላል።

ለአንድ ክፍል ቤት ከመጋረጃ የበለጠ ጌጥ የለም፤ አልጋውን ከእንግዳ ዓይን ይሸፍናል፣ ለእናትም ልብስ የምትለውጥበት ጥግ ይሰጣታል። በከተማው መካከል ባለው ቢያሻራ መንገድ «ሌሶ» ወይም «ካንጋ» የተባለው ባለ ቀለም የጥጥ ጨርቅ ይሸጣል። አንዱ ጨርቅ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ወርዱ አንድ ሜትር ከትንሽ ያህል ሲሆን፣ የሚሸጠውም ሁለት ሁለት ሆኖ ስለ ሆነ ጠርዙን ብቻ ሰፍቶ ለመስኮት ማድረግ ይቻላል፤ ለመከፋፈያ የሚሆነው ደግሞ አንዱን ከሌላው ጋር በመስፋት ይረዝማል። በጨርቁ ላይ የስዋሂሊ ምሳሌያዊ ንግግር ታትሞበታል። ከመግዛት በፊት ምን እንደሚል ማስነበብ ይበጃል፤ አንዳንዱ ንግግር ሴቶች ጎረቤታቸውን ወይም ጣውንታቸውን ነገር የሚወጉበት ነውና፣ ሳያውቁ መስኮት ላይ ሰቅለው ጠብ እንዳይገዙ። ስዋሂሊን በትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ለእናቱ ቢያነብላትና ቢተረጉምላት ለሁለቱም ደስታ ነው።

የአገሬው እመቤቶች የወንበራቸውን መደገፊያ «ቪታምባ» በሚሉት በእጅ በተሠራ ጨርቅ ያለብሳሉ፤ ከእኛ ዳንቴል ጋር አንድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዳንቴል መሥራት የምታውቅ እናት ያረጀ ወንበሯን በክር ዋጋ ብቻ ታድሳለች፤ ለጎረቤትም ሠርታ ብትሸጥ የምታፍርበት ነገር አይደለም።

አንሶላ፣ ብርድ ልብስና የልጆች ልብስ ለመግዛት ጊኮምባ የተባለው የታወቀው የሰልባጅ ገበያ አለ። ነጋዴዎቹ የታሰረውን እሥር ማለዳ ሲፈቱ መጀመሪያ የሚመረጠውን ጥሩ ጥሩውን «ካሜራ» ይሉታል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ጸሐይ ሲያዘቀዝቅ የሚሄድ ሰው የተረፈውን በርካሽ ያገኛል፤ ነገር ግን ወደ ብርሃን አውጥቶ መመልከት፣ ከለበሱትም በፊት በፈላ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል።

ከዚያው አጠገብ በካሙኩንጂ የብረት ሠራተኞች ቆርቆሮ ሲቀጠቅጡ የመዶሻው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። እነዚህን በየሜዳው የሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች ኬንያውያን «ጁዋ ካሊ» ይሏቸዋል፤ ትርጓሜው «ኀይለኛ ፀሐይ» ነው። እኛ ከዚህ ገበያ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ ብንባል የብረቱን ሣጥን እንመርጣለን። የክረምቱ ብርድ ልብስና የበዓል ልብስ ይቀመጥበታል፤ ትራስ ቢደረግበት መቀመጫ ይሆናል፤ ልጁም አድጎ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲገባ ይዞት የሚሄደው ያንኑ ሣጥን ነው። በጃኑዋሪ ፈላጊው ስለሚበዛ አስቀድሞ መግዛት ነው።

ከካሙኩንጂ ሌላው ጥሩ ዕቃ የሸክላ ገበር ያለው የከሰል ምድጃ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኬንያ የተስፋፋ ሲሆን፣ በአገራችን «ላቀች» ተብሎ የታወቀው ምድጃ የእርሱ ዘመድ ነው። ሸክላው ሙቀቱን ስለሚይዝ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ይልቅ ከሰል በብዙ ይቆጥባል። ነገር ግን አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። በጁላይ ብርድ ጊዜ ፍሙን ለመሞቅ ብሎ ወደ ክፍል አስገብቶ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ሞት ነው። ከከሰል የሚወጣው መርዝ ሽታ የለውም፤ የተኛውንም አያነቃውም። ወላጁ አንድ በሆነበት ቤት ደግሞ መጥቶ በሩን የሚያንኳኳ ሰው ላይኖር ይችላል።

ቤቱ ይህን ያህል ከተሰናዳ ድግሱ ትንሽ ቢሆን አያሳፍርም። ቅርጫ የተባለው ልማዳችን፣ ማለትም ብዙ ቤተ ሰብ በአንድነት ከብት ገዝቶ ሥጋውን እኩል መደብ መድቦ በዕጣ የሚካፈልበት ሥርዓት፣ ለናይሮቢ እጅግ የሚስማማ ነው። በሬው ቢከብድ አራት እናቶች ሆነው አንድ ፍየል መግዛት ይችላሉ። ኪያማይኮ በተባለው ሠፈር ትልቅ የፍየል ገበያ አለ። የአራጁ ነገር እንደየሃይማኖቱ ሥርዓት አስቀድሞ ይታሰብበት፤ በኪራይ ግቢ ውስጥ ማረድም ያለ አከራዩ ፈቃድ አይቻልም። ጭንቅላቱንና ቆዳውን ከአራቱ አንዷ በትንሽ ዋጋ ብትወስድ የሌሎቹ ድርሻ ይቀልላቸዋል።

ዶሮም ቢሆን 12 ብልት ይወጣዋል፤ እናትና ሁለት ልጆች ለሁለት ቀን ይበሉታል። ኬንያ ታላቅ የቡና አገር ብትሆንም የቤቷ መጠጥ ሻይ በመሆኑ፣ ቡናውን ቆልቶ ጎረቤትን መጥራት ብቻውን እንደ ድግስ ይቈጠራል። ልጆች በትምህርት ቤት ስለሚያዩት የልደት ቀናቸውን ኬክ ይጠይቃሉ። ከሱቅ የሚመጣውን ኬክ ከመግዛት ይልቅ ድፎ ዳቦ ከላይና ከታች ፍም አድርጎ መጋገር ይቻላል፤ ድፎ የሚቆርስ ልጅ በጓደኞቹ ፊት የሚናገረው ታሪክ ይኖረዋል። ፈንዲሻው የማንም አገር ልጅ የሚወደው ነው።

የቀረው የቀኑ ጉዳይ ነው። የሙስሊሞች ዒድ አልፈጥር በኬንያ የመንግሥት በዓል ስለ ሆነ፣ ሙስሊም ወገኖቻችን በዚያ ቀን ከልጆቻቸው ጋር ይውላሉ። ጃኑዋሪ 7 ግን የሥራና የትምህርት ቀን ነው። ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን ያደረ ልጅ ጠዋት ከክፍል ሲገባ እንቅልፍ ይጥለዋል። ስለዚህ እናት ለርእሰ መምህሩ ደብዳቤ ብትጽፍ መልካም ነው፤ ጊዜውም ትምህርት ቤቱ ለረጅሙ ዕረፍት ከመዘጋቱ በፊት ይሁን፤ በጃኑዋሪ የመጀመሪያ ሳምንት ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ላይ የወላጆች ሰልፍ ስለሚበዛ ደብዳቤውን የሚያነብ አይገኝም። በደብዳቤው ላይ የበዓሉ ስም፣ ቀኑና የልጁ ክፍል ቢጻፍ በቂ ነው። ፈቃዱ ካልተገኘ ልጁ ይማር፤ ድፎውም እርሱ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ሳይቆረስ ይቆይ።