ያውቁ ኖሯል? ቮልዩሙ መሐል ሲደርስ ግማሽ አይደለም
ድምፅ ለጆሮ በእጥፍ ጎልቶ እንዲሰማ የአምፕሊፋየሩ ኃይል 10 እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት። ስለዚህ ለድምፅ ተብሎ የተሠራ የቮልዩም ቁልፍ መሐል ላይ ሲደርስ ከሲግናሉ የሚያሳልፈው ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ ነው። አምፕሊፋየር በእጁ የሚገጣጥም ሰው በስህተት ሲግናሉን ከዙሩ ጋር እኩል የሚያሳልፈውን ቀጥተኛ (ሊኒየር) ቁልፍ ቢገጥም ገና ሩብ ሳይዞር ቤቱ ይናወጣል፤ የቀረው ዙር ለጌጥ ነው።

እንደ አብደራፊ ባለ የሰሊጥ ቆላ ደግሞ የአቧራ ጣጣ አለ። አቧራው በቁልፉ ውስጥ ባለው ካርቦንና በላዩ በሚንሸራተተው ብረት መካከል ሲገባ ቁልፉ በተነካ ቁጥር ስፒከሩ ይንኮሻኮሻል። ብዙ ጊዜ ዕቃው አልሞተም፤ ማጥፋት፣ ኮንታክት ማጽጃ መንፋት፣ ወዲያ ወዲህ ማዞር ይበቃል። ከጸዳም በኋላ መንኮሻኮሹ ካልተወ ግን ከቁልፉ በፊት ያለውን ካፓሲተር ይጠርጥሩ፤ ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) ወደ ቁልፉ እያሳለፈ ሊሆን ይችላል።