ብራና የማይዘው የሰው ድምፅ

በደብረ ታቦር ዙሪያ ባሉት የደጋ መንደሮች፤ ከጉና ተራራ ግርጌ አንሥቶ እስከ ጋይንትና እስቴ ድረስ፤ መርዶ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ሊነጋጋ ሲል ነው። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ወደ ሟች ወገን ቤት ይሄድና ከመካከሉ በዕድሜ የበሰለው ሰው ከደጅ ቆሞ የቤቱን ጌታ በስሙ ይጠራዋል። ከስሙ በቀር ሌላ ቃል አይጨምርም። ሆኖም ከውስጥ የተኛው ሰው ያን የሚያውቀውን ድምፅ ከወትሮው ዝቅና ዘግየት ብሎ ሲሰማው፤ የመጣበትን ነገር በሩን ሳይከፍት ይረዳዋል። ቃሉ ገና አልተነገረም፤ ድምፁ ግን ነግሮ ጨርሷል። ይኸንኑ ወሬ በወረቀት ጽፎ በደጅ ሥር ለመተው የሚያስብ ሰው በዚያ አገር አይገኝም፤ ቢገኝም እንደ ነውረኛ ይቈጠራል።

እንግዲህ ሰው ሲናገር ከቃሉ ሌላ የሚያስተላልፈው ነገር ምንድን ነው? ይህስ ነገር እንደ ቃሉ ተጽፎ ሊቀመጥ ይችላልን?

በመጀመሪያ ድምፅ እንዴት እንደሚፈጠር እንመልከት። ከሳንባ የሚወጣው እስትንፋስ በማንቁርት ውስጥ በሚገኙት ሁለት ስስ እጥፋቶች መካከል ሲያልፍ ያንቀጠቅጣቸዋል። የጎልማሳ ወንድ እጥፋቶች በተራ ንግግር ጊዜ በአንድ ሰከንድ ከ100 እስከ 130 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ፤ የሴት ደግሞ 200 ጊዜ ያህል፤ የሕፃን ልቅሶ ከ400 ያልፋል። ይህን ሥራ በሕይወት ባለ ሰው ጕሮሮ ውስጥ አጥርቶ በመመልከት ስሙ የታወቀው ሐኪም አልነበረም፤ ማኑኤል ጋርሲያ የተባለ እስፓኛዊ የዘፈን መምህር ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1854 ትንሽ መስታወት ወደ ጕሮሮው አግብቶ፤ የፀሐይ ብርሃን በሌላ መስታወት አንጸባርቆ፤ የራሱን ማንቁርት ሲሠራ አየው። ከእጥፋቶቹ የተነሣው ድምፅ በጕሮሮ፤ በአፍና በአፍንጫ ክፍተት ሲያልፍ ቅርጽ ይይዛል። የእነዚህም ክፍተቶች መጠን ከሰው ሰው ስለሚለያይ ወዳጃችንን በጨለማ በሳሉ እንኳ እንለየዋለን። ፍርሃትና ሐዘን ደግሞ የማንቁርትን ጡንቻዎችና የትንፋሽን አካሄድ ስለሚለውጡ፤ ሰው ፊቱን ቢሸፍን ድምፁን መሸፈን ይቸግረዋል።

የደጋው ሰው ይህን ሳይንስ ሳይማር ሲሠራበት ኖሯል። ከአንዱ ሸንተረር ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው የሚጠራ እረኛ ስሙን ብቻ ብሎ አያቆምም፤ «ሆይ» የሚለውን ጨምሮ እስትንፋሱ እስኪያልቅ ይስበዋል። በሩቅ መንገድ ላይ እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉት ስስ ድምፆች ቀድመው ስለሚጠፉ ገደሉን ተሻግሮ የሚደርሰው ረጅሙ አናባቢ ነው። የእልልታና የኡኡታም ምስጢር ከዚህ የራቀ አይደለም። የሰው ጆሮ አብልጦ የሚሰማው በሰከንድ ከ2000 እስከ 4000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ሲሆን፤ ደስታን የምታበሥር ሴትና ወንበዴ የመጣበት ሰው ሁለቱም ድምፃቸውን ወደዚያው ከፍታ ይሰዱታል። ጥሪው በንጋት አብልጦ የሚሰማበትም ምክንያት አለው። ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል፤ ሞቃቱ ከላይ ይሆናል፤ ድምፅም ወደ ሰማይ እንዳያመልጥ ወደ ታች ይጐብጣል።

ከተማዋ ስሟን ከወሰደችበት ከታቦር ተራራ ጋርም የድምፅ ነገር የተያያዘ ነው። ነሐሴ 13 ቀን በቡሄ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ፤ ያ ጩኸት በታቦር የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው ብለው አባቶች ያስተምራሉ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። ድምፅን በብራና ላይ ለማሥፈር አገራችን እጅግ ጥራለች። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ ዜማውን በግዕዝ፤ በዕዝልና በዓራራይ ከፍሎ እንደ ደረሰ ይታመናል። በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ደግሞ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉት ሊቃውንት የዜማውን ምልክቶች እንዳደራጁ ይነገራል። ይዘት፤ ደረት፤ ርክርክ፤ ድፋት፤ ጭረት፤ ቅናት፤ ሂደት፤ ቁርጥ የሚባሉት ስምንቱ ምልክቶች በቃሉ ላይ በትናንሹ ይጻፋሉ፤ ድርስና አንብር ሲጨመሩ ዐሥር ይሆናሉ። የብዙዎቹ ስም ራሱ ሥራቸውን ይናገራል፤ ይዘቱ ድምፅን ይይዛል፤ ደረቱ ከደረት ያወጣዋል፤ ቁርጡ ይቈርጠዋል። ከእነዚህም ሌላ ከቃላት የተቈረጡ እጅግ ብዙ ፊደላት በመስመሮቹ መካከል ይገኛሉ፤ እያንዳንዱም «እንዲህ እንደዚያኛው ዜማ በል» ብሎ ይጠቁማል። ነገር ግን ያን «ያኛውን ዜማ» አስቀድሞ በጆሮው ያልሰማ ሰው ከምልክቱ ምን ሊያገኝ ይችላል? ምልክቱ ለሚያውቀው ማስታወሻ ነው እንጂ ለማያውቀው መምህር አይደለም።

የድጓ ትምህርት መመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም ትልቅነቷ ከዚህ የመጣ ነው። ቤተ ልሔም የምትገኘው በዚሁ በደቡብ ጎንደር በጋይንት ነው። (ቤተ ክርስቲያኗም እንደ ትምህርቷ ውስጧ ከውጭዋ ይለያል፤ እ.ኤ.አ. በ1955 አንድ እንግሊዛዊ ተጓዥ ሲደርስባት ከውጭ ክብ የሣር ክዳን ቤት መስላ ታየችው፤ ከውስጥ ግን ጥንታዊ ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ሕንፃ አገኘባት።) በሌላ አገር ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር መምህር ለመባል ወደዚያ ይሄዳል። ከመድረሱ በፊት ብዙ ዓመት ለምድ ለብሶ፤ አኮፋዳ አንግቶ፤ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ኖሯል። መጽሐፉንም ብዙ ጊዜ በገዛ እጁ ጽፎታል። ይሁን እንጂ በቤተ ልሔም የሚፈተነው የጻፈው ብራና ሳይሆን ጕሮሮው ነው። ከመሪጌታው ፊት ቀርቦ ያዜማል፤ መምህሩ ያዳምጣል፤ ከስሕተቱ ላይ ሲደርስ ያስቆመዋል፤ ራሱ በድምፁ ያሳየዋል፤ ተማሪው ይደግማል። የዝማሬና የመዋሥዕት መመስከሪያ የሆነው ዙር አምባም በዚያው አገር የሚገኝ ሲሆን አሠራሩ ይኸው ነው። ደብረ ታቦር ደግሞ በአቋቋም ትታወቃለች። የፎገራው ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና፤ ሰው ሁሉ በቀልዳቸው ብቻ የሚያስታውሳቸው እኒያ ታላቅ ሊቅ፤ የጀመሩት የአቋቋም ስልት በልጃቸው በተክሌ ስም ተጠርቶ የተስፋፋው ከዚህች ከተማ ነው።

ብራናው ከመምህሩ ሲለይ ምን እንደሚሆን ታሪክ አሳይቶናል። መናገሻቸውን በደብረ ታቦር ያደረጉትና በአቅራቢያዋ በጋፋት መድፍ ያሠሩት ዐፄ ቴዎድሮስ፤ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ከለንደን ቢደርስም መልስ ሳይሰጠው በመዝገብ ቤት ተቀመጠ። ከዚህ የተነሣው ጠብ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ በንጉሠ ነገሥቱ ሞት ሲፈጸም፤ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው ከወሰዳቸው መጻሕፍት 350 ያህሉ ከብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ድጓም ነበረባቸው። ፊደሉን የሚያነቡ የአውሮፓ ሊቃውንት አልጠፉም፤ ዜማውን ግን ከብራናው ሊያወጡት አልቻሉም። በኋላ ዘመን የዜማውን ምልክት ሊያጠኑ የተነሡ የውጭ ምሁራን ከኢትዮጵያዊ መሪጌታ ፊት ተቀምጠው ማዳመጥ ግድ ሆኖባቸዋል።

የቴዎድሮስ ደብዳቤ ከተጻፈ ከ35 ዓመት በኋላ፤ በ1890 ዓ.ም.፤ ያችው ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ሰላምታዋን በፎኖግራፍ ቀርጻ ላከች። ድምፁ በአዲስ አበባ ከተሰማ በኋላ ቅጂው እንዲሰበር አስቀድማ አዛ ስለ ነበር ተሰበረ። የመንግሥት ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ይቀመጣል እንጂ አይጠፋም፤ ድምፅዋን ግን ከባዕድ እጅ መተው አልወደደችም። ምኒልክና ጣይቱ የመለሱላት የድምፅ መልእክት ግን ሳይጠፋ ቆይቶ ዛሬም ይደመጣል።

ዛሬ የድጓ መምህራንን ድምፅ መቅረጽ ለማንም የማይከብድ ሆኗል፤ ሊደረግም ይገባል። በዕድሜ የገፋ መሪጌታ ተተኪ ሳያፈራ ሲያርፍ ከእርሱ ጋር የሚቀበረውን ዜማ ቢያንስ ጆሮ ሊሰማው ይችላልና። ነገር ግን ቀራጩ መሣሪያ ይናገራል እንጂ አይሰማም። በቤተ ልሔም ርክርኩን ያበላሸውን ተማሪ «ቁም፤ ከላይ ጀምር» የሚለው ሰሚ መምህር ነው።